ከአስፋልቱ በላይ፣ ከአስፋልቱ በታች

መርሳን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከደሴ የተነሣ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ፣ የውጫሌን ቁልቁለት ወርዶ፣ ውርጌሳ ላይ ሹራቡን ካወለቀ በኋላ መርሳ ይደርሳል። መኪናው ቆም ሲል ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ የያዙ እጆች በመስኮቱ ይገባሉ። ሰውየው ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ስሪንቃ እስኪደርስ ልጦ ይጨርሳል፤ ወልዲያ ላይ እጁን በመሐረብ እየጠረገ «መርሳማ የማውቃት አገር ናት» ይላል። እዚያች ከተማ ውስጥ ቤት ፈልግ፣ ልጆችህን አስገባ፣ እናትህን ይዘህ ኑር ሲባል ግን ብርቱካኑ ምንም አይረዳውም።

የባለቤቴ ዝውውር የወጣው ከደሴ ወደ ወልዲያ ነው። በደብዳቤው ላይ መርሳ የሚል ነገር የለም። ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ መርሳ ከወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ ናት። ወልዲያ የተመደበ ሰው መርሳ ምን ይሠራል ቢባል፣ ነገሩን የወሰነው የአማቴ ጉልበት ነው።

ስብሰባው የተካሄደው ደሴ፣ ሆጤ በነበረው ቤታችን ነው። ወንዱ ልጄ ገና ሳይጠየቅ ወልዲያ አለ። በጥር 2009 የተመረቀ፣ በሼክ መሐመድ ሁሴን አላሙዲን ስም የሚጠራ፣ 25 ሺሕ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ባለበት ከተማ መኖርና በሌለበት መኖር እኩል እንዳልሆነ በቁጥር አስረዳን። ለመግቢያ ማን እንደሚከፍልለት አላነሣም። ሴቷ ልጄ ኔትወርክ ያለበት ሁሉ አገሯ መሆኑን አስታውቃ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ባለቤቴም ወልዲያ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፣ ማታ ማታ ኳስ የሚያሳይ ቤትም እዚያ ሞልቷል። የመጨረሻዋን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገራት።

አማቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን አስቀመጡና «ወልዲያ ይበርዳል?» አሉ።

«ከደሴ ይሻላል፣ እማየ።»

«ከደሴ የማይሻል የት አለ? ይበርዳል ወይ ነው ያልኩህ።»

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ወልዲያ ሁለት ሺውን አለፍ ትላለች። መርሳ 1,600 ገደማ ናት። አማቴ ሜትሩን አያውቁትም፤ ጉልበታቸው ግን አንድም ሳያጓድል ያውቀዋል። ድሮ ለአንድ ዘመድ ለቅሶ መርሳ ሄደው፣ ሰልስቱን ሰንብተው፣ በትራቸውን እዚያው ረስተው መመለሳቸውን አወሩልን። «ከለቅሶ ድኖ የተመለሰ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተነገረው ሁሉ ለቃለ ጉባኤ ያህል ነበር። ባለቤቴ በሚኒባስ እየተመላለሰ ይሠራል፣ መንገድ በተዘጋ ቀን እዚያው ያድራል፤ እኛ መርሳ እንገባለን። ሰፈሩን ደርሰን እንመርጣለን ተባለ።

እዚህ አገር ሰፈሩን መርጦ የኖረ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ወታደሩ ድንኳኑን የሚተክለው ጌታው በተከለበት ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን የቀረነው በዚያ ነው፤ ሰዉ ጌታ እንጂ ጎረቤት አልመረጠም። ደርግ በሐምሌ 1967፣ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ መራጩ ቀበሌ ሆነ። ቀበሌ የሰጠህን ቤት ደግሞ ጣራው ቢያፈስም አትለቀውም፤ ለልጅ ልጅህ ታወርሰዋለህ። ኋላ ኮንዶሚኒየም መጣ። ዕጣው ጀሞ ካለ ጀሞ፣ የካ አባዶ ካለ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ካለ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ሥራህ መርካቶ ይሁን ፒያሳ ኮምፒውተሩ አይጠይቅህም። ታዲያ ማን ቀረ? ተከራይ። የት ሰፈር ልኑር ብሎ ለማሰብ መብት ያለው ቤት የሌለው ሰው ብቻ ነው። አከራዩ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ይህ መብቱ ይታደስለታል። የእኛ ደሴ ላይ ተደጋግሞ ታድሷል፤ ከሸዋ በር ወደ ዳውዶ፣ ከዳውዶ ወደ ሆጤ።

መሄዳችን እንደተሰማ ምክር ጎረፈ። ከሁሉ የራቀው ምክር የመጣው ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው እህቴ ነው።

«መጀመሪያ የምታይው ትምህርት ቤቱን ነው» አለችኝ በስልክ። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ የሚመደበው በሚኖርበት ሰፈር ነው፤ የትምህርት ቤቱም ገንዘብ ከፊሉ ከአካባቢው የቤት ግብር ይሰበሰባል። ስለዚህ ወላጅ ቤት ሲፈልግ ከወጥ ቤቱ በፊት የትምህርት ቤቱን ነጥብ ያያል፤ ነጥቡም ከ10 ተሰጥቶ ተቀምጦለታል። «የመርሳዎቹ ከ10 ስንት ናቸው?»

የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላው አገሪቱ ከመቶ 3.3 እንደነበሩ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እንግዲያው» አለች ቆይታ፣ «የሐበሻ ሱቅ ቅርብ መሆኑን እይ።»

መርሳ ያለው ሱቅ ሁሉ የሐበሻ ነው አልኳት። እሷም ብትሆን ሲልቨር ስፕሪንግን የመረጠችው በነጥብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንጀራ በእግር ሄዳ የምትገዛበት፣ ታክሲ ውስጥ አማርኛ የሚሰማበት ቦታ ስለሆነ ነው። ምክር ግን የሚሰጠው ባደረጉት ሳይሆን ቢያደርጉት በሚያምረው ነው።

ባለቤቴ ነጥብ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ደብተር ገዝቶ ሰንጠረዥ አሰመረ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገበያ፣ ድምፅ፣ ትንኝ፣ ኪራይ። ለእያንዳንዱ ከ10 ሊሰጥ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣበት፤ መርሳን ተዉት፣ ሃራ ግቡ፣ የባቡሩ መጨረሻ እዚያ ነው አለው። እውነት ነው፤ ከአዋሽ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ ሃራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር መስመር ሥራ የተጀመረው በ2007 ነው። እኛ ቤት ስንፈልግ ግን ባቡሩ ገና ስለነበር፣ ባለቤቴ «ባቡር» የሚል ዓምድ ጨምሮ ባዶውን ተወው። ዛሬም ባዶ ነው።

መርሳ ላይ የተቀበለን ደላላ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበር፤ ወይም ድለላ የሚሠራ ባለ ባጃጅ፤ የትኛው ዋና ሥራው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሰንጠረዡን አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚህ ይኼ ሁሉ አያስፈልግም» አለ። «መርሳ ሁለት ነው። ከአስፋልቱ በላይና ከአስፋልቱ በታች።»

እንደ እውነቱ ከሆነ ሦስት ነው፤ አስፋልቱ ራሱ አለ። አስፋልቱ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ነገር በእጁ ነው፦ ሱቁ፣ ሚኒባሱ፣ ፋርማሲው፣ ወሬው። በመቀሌና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሱት ሲኖትራኮችም በእጁ ናቸው፤ ሌሊት አልጋው አጠገብ ፍሬን ይይዛሉ። የጎማውን ድምፅ ሰምተው የጫነና ባዶ መኪና የሚለዩ ሕፃናት አሉ። ከአስፋልቱ በላይ ወደ ተራራው ግርጌ ሲወጡ ንፋስ አለ፣ ቆንጆ ዕይታ አለ፤ ውሃው ግን ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፤ ፈረቃው ደርሶም ቧንቧው ሲያናፍስ አድሮ ሲነጋ ሁለት ባልዲ ይሰጣል። ከአስፋልቱ በታች ወደ ሜዳው ሲወርዱ ውሃው ፈጥኖ ይደርሳል፣ ጓሮው ሰፊ ነው፣ ፓፓያ ሳይተክሉት ይበቅላል፤ በክረምት ግን የላዩ ሰፈር ጎርፍ የታቹን ሰፈር አቋርጦ ነው የሚሄደው፣ ሲሄድም የሰው ጫማ ይዞ ይሄዳል። የላዩን ሰው ስለ ታቹ ብትጠይቁት ትንኝ አለ ይላል። የታቹን ስለ ላዩ ብትጠይቁት ጅብ አለ ይላል። በየራሱ ሰፈር ትንኝም ጅብም ያለበት ሰው አላገኘንም።

ትንኙ ግን የቀልድ አይደለም። ጤና ባለሙያዎች አገሪቱን ሲከፍሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን ወባማ ብለው ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። አማቴ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከዙ። ለቁርጥማት የሚስማማ አየር ለትንኝም እንደሚስማማ ማን አስቦ! በኋላ ግን ሒሳቡን ራሳቸው ሠሩት። «ለትንኝ አጎበር አለ። ለብርድ ምን አጎበር አለ?» አሉ፤ ተዘጋ።

የመጀመሪያው ቤት አስፋልቱ ዳር ነበር። ባለቤቴ ከቦርሳው እስክሪብቶ ሳያወጣ አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀውና ደላላው የሚነግረንን ኪራይ ሳንሰማ ቀረን። ሲደግምልን ባንሰማው ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ከላይ ነው። ቤቱ ደግ ነበር፤ ከደጁ ላይ ሆኖ ሜዳው፣ የማሽላው ማሳ፣ የሩቁ ቆላ ሁሉ ይታያል። ባለቤቴ ለዕይታው ዓምድ ስላልነበረው ደብተሩን ገልብጦ ማስመር ጀመረ። አማቴ ግን ከእኛ ጋር አልደረሱም። ስንመለከት ግማሽ ዳገት ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማየ፣ ደከመዎት?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ሬሳዬን በዚህ ቁልቁለት የሚያወርዱት ናቸው ያሳዘኑኝ።»

ከላይ ያለው ሰፈር በዚህ ቀረ። ያን ዕለት ማታ ያደርነው አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ባለቤቴ የድምፁን ነጥብ ሊሞላ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አደረ፦ መኪና፣ ውሻ፣ ጎረቤት ያለ ቴፕ፣ ከመስጊዱ አዛን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ፣ ከዚያ እንደገና መኪና። ሲነጋ ከ10 ሁለት ሰጠ። አማቴ ደግሞ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝተው አያውቁም። «ዝም ያለ ሰፈር ምን ይደረጋል? ብጮህ ማን ሊሰማኝ ነው?» አሉ። ይህን ያሰብኩት ቆይቼ ነው። እኛ ጸጥታ ብለን የምንፈልገው ነገር ወጣትና ጤነኛ ለሆነ ሰው የሚመች ነገር ነው። አሮጊት ሴት ለመኖር የምትመርጠው ጸጥ ያለውን ሰፈር ሳይሆን ሰው የምትሰማበትንና የምትደመጥበትን ነው።

ሦስተኛው ቤት ከአስፋልቱ በታች ነበር። ደላላው ከመግባታችን በፊት ባጃጁን አቁሞ «እዚህ ሴትዮዋ ቤቱን ለማንም አይሰጡም» አለን። ኪራዩ ስንት ነው ስንለው «እሱን በኋላ ነው የሚናገሩት፤ መጀመሪያ ቡና ነው» አለ። ያን ጊዜ ነበር ደብተሩን መዝጋት የነበረብን።

የቤቱን ባለቤት ሐጅያን በግቢው ጥላ ሥር ቡና ሲቆሉ አገኘናቸው። ጎረቤቶቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሳይሆን ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ቤቱን እናሳያችሁ ያለን የለም። ተቀመጡ ተባልን፣ ቄጠማው ተገፋልን፣ ፈንዲሻ ቀረበ።

«ተየት ናችሁ?»

«ከደሴ።»

«ተደሴ ተየት?»

«ሆጤ።»

«ሆጤ እነማን ጋ?»

የደሴን ካርታ በሰው ስም ዘረዘርንላቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሦስተኛው ሰው አያልፍም፤ አንድ የሚያውቁት ሰው ይገኛል። የተገኘውም የአማቴ የቀድሞ ጎረቤት ነበረች፤ ለካ የሐጅያ የአክስት ልጅ ናት። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቀፉ። ባለቤቴ በጆሮዬ «ይኼ ለየትኛው ዓምድ ነው የሚሞላው?» አለኝ።

በአቦሉ የማን ወገን እንደሆንን ታወቀ። በቶናው ወደ ቤታችን ገቡ። ልጆች ይጮኻሉ ወይ አሉ። ባለቤቴ ኪራዩ እንዳይጨመርበት ነው መሰል «ኧረ ጨዋዎች ናቸው» አለ። ሐጅያ ልጆቹን አዘን ብለው አዩና «እንግዲያው አሟቸዋል» አሉ። ያን ጊዜ ወንዱ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጥንቅሽ እያኘከ አጥር ላይ ነበር፤ ስለ ስታዲየሙ ያነሣ የለም።

ቀጥለው «ክርስቲያን ናችሁ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም፣ ማተቡን አይተዋል። እዚህ አገር ስም አያስታውቅም። አባትየው ተሰማ፣ ልጅየው መሐመድ ይሆናል፤ ከአንድ እናት የወጡ አንዱ ቀዳሽ አንዱ ቃዲ ቢሆኑም የሚደነቅ የለም። ባለቤቴ ግን ደሴ ተወልዶ አድጎም እንኳ ትንሽ ደነገጠ። «ለማከራየት ችግር አለው እንዴ?» አለ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

«ሥጋችሁን ለማወቅ ነው፣ ልጄ። ሠርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር፣ የእናንተ እርድ ለብቻ ነው፣ የኛ ለብቻ። ስንት ሰው ተየቱ ወገን እንዳለ ሳናውቅ በግ እንዴት ይገዛል?»

ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት ነው። እኔ በዚህ ዓለም ላይ ስለ መቻቻል ብዙ ስብሰባ ተቀምጬአለሁ፤ አበል የተከፈለባቸውም አሉ። ነገሩን እንደ በግ ግዢ ሒሳብ አድርጎ ያቀረበልኝ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

በረካው ላይ ሐጅያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወጣ ብትይ ቁልፍሽን ለማን ትሰጪያለሽ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ደሴ ውስጥ ቁልፋችን ከእኛ ጋር ነበር የሚዞረው። ያን ጊዜ ነው ስለ 2013 ክረምት ያወሩን። ጦርነቱ ደርሶ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ፣ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስም ሳትለቀቅ ስትቆይ፣ ከሰፈሩ መውጣት የቻለው ወደ ደሴ ወጣ፤ ያልቻለው ቀረ። ሐጅያ ከቀሩት ናቸው። የወጡት ቁልፋቸውን እየወረወሩላቸው ሄዱ። የማን ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እያንዳንዱን በየቀለሙ ክር አስረው አቆዩት። የጠፋው ዕቃ ብዙ ነው፤ የጠፋ ቁልፍ ግን የለም። ይህን ሲያወሩ ከተቀመጡት ሴቶች ሁለቱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የቀይና የአረንጓዴ ክር ባለቤቶች መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ።

ወንድማቸው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ77ቱ ድርቅ፣ ከሄዱት ናቸው። ያን ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌላም ቦታ አጓጉዞ ሲያሰፍር፣ ሰውየው ፓዊ ደረሱ፤ እዚያው ቀሩ። «እሱን ማን ጠየቀው፣ የት ሰፈር ትወዳለህ ብሎ?» አሉ ሐጅያ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ደብተሩን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ኪራዩ የተነሣው በሩ ላይ ስንደርስ ነው፤ ያውም በሹክሹክታ፣ የሚያሳፍር ነገር ይመስል። ባለቤቴ የሕግ ሰው ባይሆንም የሰማውን አይረሳም፤ በ2016 ስለ ወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ስለ ቁጥር 1320 አነሣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ አዋጁ ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል አለ። ሐጅያ ክፉኛ ቅር አላቸው።

«ሁለት ዓመት? ለሁለት ዓመት ከሆነማ ምን ጎረቤት ትባላላችሁ?»

ጽሑፉ ቀረ። ደግሞም እዚያው ደቡብ ካለችው ከውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመ ውል አድዋ ድረስ ሰው ያስኬደበት አገር፣ በወረቀት ላይ ባይቸኩል አይፈረድበትም። «አላህ ያስማማን» አሉ ሐጅያ፤ «አሜን» አልን፤ ውሉ ይኸው ነው።

ዕቃችን በአይሱዙ መጣ። ከደሴ ጠቅልለን ያመጣናቸውን ብርድ ልብሶች ያየ የመርሳ ሰው ልንነግድ የመጣን መስሎት ዋጋ ጠይቆናል። ብፌው በበሩ አልገባ ብሎ ግቢ አደረ፤ በማግሥቱ የሰፈሩ ወንዶች ፈትተው አስገቡት፤ ሲገጥሙት አንድ መሳቢያ ተረፈ፤ ያ መሳቢያ ዛሬ የሐጅያ ዶሮዎች የሚፈለፍሉበት ነው። ሴቷ ልጄ ኔትወርኩ የሚይዘው ከፓፓያው ዛፍ ሥር ብቻ መሆኑን ደርሳበት እዚያ ሰፈረች። አማቴ ግን ዕቃው ሳይፈታ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የቅሬውን ጸሐፊ ቤት ጠይቀው ሄዱ። ቅሬ ማለት ሸዌው እድር የሚለው ነው፤ የሰፈሩ እስላምና ክርስቲያን በአንድ መዝገብ ነው የተጻፈው። መግቢያውን ከራሳቸው መቀነት ፈትተው ከፈሉ፤ የባለቤቴን ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ድንኳኑ አዲስ ነው» አሉን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኑሮ ማውራት አያስፈልግም፤ ኑሮ ነው። ወባ አንድ ጊዜ ባለቤቴን ጎበኘችው፣ ጎርፉ አንድ የግራ እግር ጫማዬን ወሰደ፣ የጅጉርቲ ማሽላ እንጀራ መጋገር ተማርኩ፣ ሐጅያ የጾም ቀን ከእኔ ቀድመው ያስታውሱኛል። ቁልፌን ለማን እንደምሰጥም አሁን አውቃለሁ።

ባለፈው ሐጅያ በሰሐን ፓፓያ ይዘው መጡ፤ ብዙ ተቀመጡ፣ ብዙ አልተናገሩም። ጅዳ ያለው ልጃቸው ሊመለስ ነው፤ ሊያገባ ነው፤ ቤቱ ለእሱ ነው። ይህን ለመናገር ፓፓያውን ሁለት ጊዜ ቆርጠውልናል። እሳቸው አፈሩ፣ እኛም ስላፈሩ አፈርን፤ እንኳን ደስ ያለዎት አልናቸው።

ማታ ባለቤቴ ደብተሩን ከብፌው ውስጥ አወጣው። አቧራውን አራገፈ፣ አዲስ ገጽ አሰመረ፣ ተከራይ በመሆናችን ያገኘነውን መብት እንደገና ሊጠቀምበት ተዘጋጀ። ስሪንቃ መንገድ ላይ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው አለ። ወልዲያም ቢሆን እንደገና ቢታሰብ ክፉ አይደለም አለ፤ ይቺንም ዝቅ ባለ ድምፅ።

አማቴ ከእንዝርታቸው ቀና አላሉም። «እናንተ ፈልጉ። ከተገኘላችሁም ሂዱ» አሉ። «እኔ ቅሬ ከፍያለሁ። ተዚህ ሰፈር የምወጣው ቅሬው ተሸክሞ ሲያወጣኝ ነው።»

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ሰንጠረዡን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዓምዶቹን አንድ በአንድ ሰረዘና ደላላው ጋ ደወለ፤ ሦስት ክፍል፣ ውሃ ያለው፣ የቅሬው ጥሩምባ ከሚሰማበት የማይርቅ ቤት እንዲፈልግ ነገረው።

ደላላው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ እኔ ድረስ ይሰማል። «እሱ አለ፣ ጋሼ» አለ። «ኪራዩ ግን ጨመር ይላል።»